ሽማግሌው አይነካም

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ብሩሽ ይላቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን እናትና አባታቸው ባወጡላቸው ስም ሲጠሩ ዞር ብለው የማያዩ፣ «ብሩሽ!» ሲባሉ ከመንገድ ማዶ «አቤት!» የሚሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው ሰሌዳ መጻፍ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው መንገድ ግራና ቀኙ የእሳቸው እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጎማ ጠጋኙ፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ «በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚለው ሁሉ። አሁን አሁን ግን በላስቲክ ላይ የሚታተም ሰሌዳ መጣና ሰዉ ወደ ማተሚያ ቤት መንጎድ ጀመረ። «ላስቲክ ፀሐይ አይችልም» ይላሉ ጋሽ ብሩሽ። ላስቲኩ ግን ፀሐዩንም ቻለ፣ እሳቸውንም ሥራ አስፈታ።

አንድ የሚመኩበት ነገር ነበራቸው፤ ማሳጠር። ደንበኛ ሙሉ ሐተታ ይዞ ቢመጣ፣ ቆርጠው ቆርጠው በሁለት ቃል ያስገቡለታል። «ሰው ሰሌዳ የሚያነበው እየሄደ ነው እንጂ ቁጭ ብሎ አይደለም» የምትል አባባል አለቻቸው። ማሳጠር ታዲያ ጣጣ አያጣም። አንድ ልብስ ሰፊ «የወንድና የሴት ልብስ በጥራት ይሰፋል ብለው ይጻፉልኝ» ብሎ ቢመጣ፣ «ሱሪ ይሰፋል» ብለው በቀይ ቀለም አሳምረው ሰጡት። በማግስቱ ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው ባለ ሥጋ ቤት የጠበበችውን ሱሪውን በብብቱ ይዞ ልብስ ሰፊው ጋ ከች አለ። «ይሰፋል ብላችኋል አይደል? በሉ አስፉልኝ!» አለ። ጠብቆ ሲነበብ መርፌና ክር፣ ላልቶ ሲነበብ ቦርጭ። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቁትና ወሬውን በየሄዱበት ያዳረሱት ራሳቸው ጋሽ ብሩሽ ናቸው። ቀልድ ነው ብለው አለፉት፤ ትምህርት ነው ብለው ቢይዙት ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልተረክን ነበር።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ክፍል ያለው ቤታቸው የቀለም ሽታና የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሰንብቷል። ኋላ ልጃቸው ትዳሯ ሲፈርስ ትንሿን ሚጡን ይዛ ተመለሰች። ልጃቸው ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማጉያ መነጽር ስታይ ስለምትውል ይሁን አይታወቅም፣ ቤትም ስትገባ ነገር አጉልታ የማየት አመል አለባት። ሚጡ ደግሞ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም፤ የምትናገረው ሁሉ በፉጨት የታጀበ ነው። ቤቱ ነፍስ ዘራ። ጋሽ ብሩሽ ለራሳቸው እንኳ ያላመኑት ነገር ቢኖር፣ ያቺ ልጅ አንድ ቀን ከዚያ ቤት ብትወጣ ምን እንደሚሆኑ ነበር።

ሚጡ በትምህርቷ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ስትጠየቅ ታውቀዋለች፤ ቃል ሲሆን ግን ይበተንባታል። አስተማሪዋ «ሐሳቧ እዚህ አይደለም» ብላ እናቷን አስጠራች። እናቷ ተቆጣች፤ መጽሐፍ ገዛች፤ እንደገና ተቆጣች። ጋሽ ብሩሽ ግን ልጅቷን እጇን ይዘው መንገድ ወጡ። «ይሄን ማን ጻፈው?» «አባባ!» «ምን ይላል?» ሚጡ አንገቷን ቀና አድርጋ «ጎ፣ ማ… ጎማ! ይጠገናል!» ትላለች። ከጎማ ጠጋኙ ወደ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ወደ ፀጉር አስተካካዩ እያሉ መንገዱን ሲጨርሱ ልጅቷም ማንበብ ጨረሰች። ለእሷ ንባብ ማለት አያቷ ግድግዳ ላይ ወጥተው ሲያናግሯት መስማት ማለት ነበር። ያነበበችውን አመነች፤ ለምን አታምን? አባባ ነው የጻፈው።

ይህ በሆነ በሰሞኑ እናትየው ሩቅ ከተማ ወደተከፈተ አዲስ ሆስፒታል ለአንድ ዓመት ተመደበች። የምታድረው በሠራተኞች መኝታ ቤት ነው፤ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። ሚጡ ወይ አያቷ ዘንድ ትቀራለች፣ ወይ ሌላ ከተማ ወደምትኖረው የአባቷ እህት ትሄዳለች። ጋሽ ብሩሽ ነገሩ ያለቀለት መስሏቸው አልጋውን የት እንደሚያዞሩት ሲያስቡ፣ ልጃቸው ሻይ እያቀረበችላቸው፦

«አባዬ፣ እወድሃለሁ። ግን ባለፈው ድስቱን እሳት ላይ ጥደህ ሰሌዳ ልትሰቅል የሄድክ ጊዜ፣ ጭሱን አይታ ያጠፋችው ጎረቤታችን ናት» አለች።

«ድስት ነው ያረረው እንጂ ልጅ አላረረም።»

«ይሄውልህ፣ አንተ ነገሩን ቀልድ ታደርገዋለህ። እኔ ግን እዚያ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ሻዩን ወደ እሳቸው አስጠግታ፣ «ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንተ ጋ ትዋል። ከዚያ እወስናለሁ» አለች።

ፈተና መሆኑ ነው። ሽማግሌ በልጁ ሲፈተን ደስ አይልም፤ ጋሽ ብሩሽ ግን ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው «እሺ» አሉ። የሚወስዷትም ቦታ ወዲያው መጣላቸው። ከከተማው ዳር፣ ኩሬውን ከቦ የቆመ ትንሽ ጥብቅ ደን አለ። ሰዉ በአጭሩ «ጫካው» ይለዋል። የእግር መንገዶች አሉት፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ዕድለኛ የሆነ ድኩላ ያያል። ከሁሉም በላይ ግን ሰሌዳው በሙሉ፣ ከበሩ እስከ ድልድዩ፣ የእሳቸው ነው። ሚጡ አይታው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦና ውሃ በቦርሳ ይዘው ሄዱ። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ብሩሽን ሲያይ ኮፍያውን አነሳ። ለረጅም ጊዜ የሚተዋወቁ፣ ሲገናኙ መነካካት የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

«ጋሼ! ዛሬ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይዘው መጡ?»

«አዎ፣ ሰሌዳዎቼን ልታነብ ነው። ስህተት ካገኘች አንተ ነህ የምትቀጣው።»

«የእርስዎን ስህተት እኔ? እሺ፣ የለመድኩት ነው» አለና አስገባቸው።

ሚጡ ያን ቀን እግሯ መሬት አልነካም። «ወደ ኩሬው»፣ «ቀስ ብለው ይራመዱ»፣ «ሳር አይርገጡ»። እያንዳንዱን ሰሌዳ ሮጣ ትደርስና ጮክ ብላ ታነባለች፤ ካነበበች በኋላ ደግሞ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። «ቀስ ብለው ይራመዱ» የሚለው ጋ ስትደርስ እንደ ሌባ በእግሯ ጣቶች ቆማ መራመድ ጀመረች፤ አያቷንም አስራመደች። ኩሬው ዳር ኤሊ አገኙ። ኤሊዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸውና የሚረባ ነገር እንዳልሆኑ ስታውቅ ተመልሳ ገባች። ከዛፎቹ መሃል አንዲት ድኩላ ቆማ ጆሮዋን ወደ እነሱ አዞረች፤ ሚጡ ትንፋሿን ይዛ የአያቷን እጅ ጭምቅ አደረገች። ጋሽ ብሩሽ በዚያች ቅጽበት ደስታቸው ከልክ ስላለፈ ፈሩ። ደስታ ሲበዛ የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ እሳቸው ከእነሱ ወገን ናቸው።

ከኩሬው ማዶ የእንጨት ድልድይ አለ። እዚያ ድልድይ ላይ አንድ ያረጀ ጦጣ ይቀመጣል። አንድ ጎረምሳ ጦጣ ከመንጋው ካባረረው ወዲህ ቤቱን ድልድዩ ላይ አድርጎ፣ መደገፊያው ላይ ተኮፍሶ መንገደኛውን ያያል፤ ሠራተኞቹም ሽማግሌው ይሉታል። ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ አገጩ ስር ጢሙ ሸብቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ። የደኑ ሥራ አስኪያጅ ግን አመሉን ያውቅ ስለነበር፣ «እባክዎ ሽማግሌውን አይንኩ፤ ይናከሳል» ብለው ይጻፉልኝ ብሎ ለጋሽ ብሩሽ ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም ጣውላውን አዩና አጭር ሆነባቸው። ፊደሉን ማሳነስ ደግሞ የእጃቸው አመል አይደለም። ስለዚህ ቆረጡ። «እባክዎ»ን ቆረጡ፣ «ይናከሳል»ን ቆረጡ፣ የቀረውን አንድ ላይ ሰፉትና በትልልቁ «ሽማግሌው አይነካም» ብለው ጻፉ። ሥራ አስኪያጁም ወደደው። ጥበቃው ብቻ «ጋሼ፣ ስለራስዎ ነው እንዴ የጻፉት?» ብሎ ቀልዷል።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ብሩሽ መጀመሪያ ያዩት ጦጣውን አይደለም፤ የ«ሽ» እግር ላይ ቀለሙ ተላልጦ ነበር፤ እሱን አዩ። ጀርባቸውን ለድልድዩ ሰጥተው ልጣጩን በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ። ከኋላቸው ሚጡ በፉጨቷ አነበበች፦

«ሽ-ማ-ግ-ሌው… አይነካም! አባባ፣ ሽማግሌው አይነካም!»

ላላ አድርጋ ነው ያነበበችው። የጎረቤት ውሻ ሲመጣባት «አትፍሪ፣ አይነካም» እንደሚሏት፣ ልክ እንደዚያ። ጋሽ ብሩሽ ድምፁን ሰሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» አሉ ቀለሙን እየፋቁ።

ከዚያ ጩኸት መጣ።

ዞር ሲሉ ጦጣው ከመደገፊያው ወርዶ ይሸሻል፤ ሚጡ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ጣቶቿ በደም ተነክረዋል። ልጅቷን አንስተው ያንን ሁሉ መንገድ ሮጡ፤ የት አባቱ የደበቁትን ጉልበት እንዳገኙት እሳቸውም አያውቁ። በሩ ላይ ካለው ቧንቧ ስር አስቀምጠው፣ ከጥበቃው ሳሙና ተቀብለው ቁስሉን ደጋግመው አጠቡት። ልጅቷ ትጮሃለች፤ እሳቸው ያጥባሉ። በሩጫውም በእጥበቱም መሃል ጆሯቸው ውስጥ አንድ ቃል ይመላለስ ነበር፤ አንዴ ጠብቆ፣ አንዴ ላልቶ። እዚያው ነው የገባቸው። ኋላ ነው የገባኝ ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ ግን እዚያው ነው።

ጥበቃው መኪና አስቁሞ አብሯቸው ሆስፒታል ድረስ ሄደ። እናትየው ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከላቦራቶሪ እየሮጠች ስትመጣ፣ ነርሷ ሁለት ጣት ሰፍታ እየጨረሰች ነበር። ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌው ተጀመረ፤ ሌላም ሌላም ቀጠሮ ተሰጠ። ድንጋጤ ሲወጣ በቁጣ በኩል ነው የሚወጣው።

«ምን አድርገሽ ነው? ምን አድርገሽ ነው አንቺ ልጅ!»

«እትዬ» አለ ጥበቃው፣ ነገሩ ወደ እሱ እንዳይዞር ሰግቶ፣ «ሰሌዳው ላይ እኮ በግልጽ ተጽፏል። አይነካም ይላል።»

«ማንበብ አትችይም? አይነካም ይላል እኮ!» አለች እናትየው ወደ ሚጡ ዞራ።

«አነበብኩት» አለች ሚጡ እየተንሰቀሰቀች። «አይነካም ይላል።»

«አንብበሽው ነካሽው?»

«አይነካም ስለሚል ነዋ!»

በእንባ መሃል የወጣን ቃል ማን ጠበቀ ላላ ብሎ ይሰማል? እናትየው የሰማችው ድርቅና ነው። «ጭራሽ ትመልሺልኛለሽ?» አለች። ሚጡ ያላት አንድ ምስክር ብቻ ነበርና ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ ጎበዝ ብለኸኝ የለ?»

ሁሉም ጋሽ ብሩሽን አዩ። እሳቸው መናገር የሚገባቸውን ቃል ያውቁታል፤ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ የዛሬውን ፈተና አሰቡ፣ የአባቷን እህት አሰቡ፣ ባዶውን ክፍል አሰቡ።

«በቃ፣ አሁን አታልቅሺ» አሉ።

ይኸው ነው። ሚጡ ለትንሽ ጊዜ ትክ ብላ አየቻቸውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነገሩ ግን እንዳሰቡት ሳይሆን ከዚያም በላይ ሰመረላቸው፤ የከፋውም ይህ ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነርሷ ምን አለችኝ መሰለህ? ቁስሉ እንዲያ ባይታጠብ ኖሮ ትልቅ አደጋ ነበር አለች። እኔ እንኳ በዚያ ድንጋጤ ሳሙና ትዝ አይለኝም ነበር» አለች። «አባዬ፣ ስለ ድስቱ ያልኩህን እርሳው። አንተ ጋ ትሁን። ግን አደራህን፣ ልጅቷ አትሰማም፤ ውሸትም ጀምራለች። ጠበቅ አድርገህ ያዛት።»

«ጠበቅ» ስትል ጋሽ ብሩሽ ደነገጡ። የፈለጉት ሁሉ እጃቸው ገባ፤ አልጋውም ይዞራል፣ ልጅቷም ትቀራለች። ያን ዕለት እራት አልበላ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሚጡ ማንበብ ተወች። መጀመሪያ የቁስሉ ሕመም ነው ተባለ። ለመርፌው ቀጠሮ እጇን ይዘዋት ሲሄዱ ጋሽ ብሩሽ እንደ ድሮው «ይሄ ምን ይላል?» ይሏታል። ሚጡ ቀና ብላ ታያለች፤ ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ይልና ይቆማል። «እንጃ» ትላለች። ጎማ ጠጋኙ ጋ እንጃ፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ እንጃ። እናቷ በበኩሏ ነገሩን በትምህርት ልታስተካክል ብላ፣ ወረቀት ላይ ያንኑ ቃል ጽፋ አስቀመጠቻት። «አይነካም ማለት አትንኪ ማለት ነው። በይ ድገሚው።» ሚጡ ጠበቅ አድርጋ ደገመችው፣ ብልህ ልጅ ናትና የሚፈለግባትን ወዲያው ያዘች። ግን ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ጽሑፍ ሲሰጣት መጀመሪያ የሰውን ፊት ታያለች፤ ፊቱ ላይ መልሱን ካላገኘች አታነብም። አስተማሪዋ እንደገና እናቷን አስጠራች።

አንድ ቀን ከመርፌው ሲመለሱ፣ ጋሽ ብሩሽ ሆዳቸው አልችል ብሎ፣ «ለምን አታነቢልኝም፣ የኔ እናት?» አሏት።

«እኔ የማነበው ሌላ ነው፤ የተጻፈው ሌላ ነው» አለች ሚጡ።

ቁጣ ወይም ኩርፊያ አልነበረበትም። «ዓይኔ ቡናማ ነው» እንደምትለው ስለራሷ ያወቀችውን ነው የተናገረችው። ያቺን ልጅ ከጎማ ጠጋኙ ጀምረው ፊደል በፊደል ያወጧት እሳቸው ናቸው፤ አሁን በአንድ «በቃ» መልሰው የጣሏት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ወዲያው ሄደው ተናገሩ? የለም። ሰው ጥፋቱን ከመናገሩ በፊት፣ ሳይናገር የሚያስተካክልበትን መንገድ ሁሉ ይሞክራል። ጋሽ ብሩሽም ቀለማቸውን፣ ብሩሻቸውንና ብርጭቆ ወረቀታቸውን በቦርሳ ከተው ብቻቸውን ወደ ጫካው ሄዱ። ሰሌዳውን ፍቀው «ይናከሳል» ብለው ሊጽፉ ነው። አንድ ቃል፣ ጠበቀ ላላ የማይል። ሰሌዳው ከታረመ ነገሩም በራሱ ይታረማል ብለው ራሳቸውን አሳምነዋል።

«ተቀደሙ፣ ጋሼ!» አላቸው ጥበቃው በሩ ላይ። «ሥራ አስኪያጁ የልጅቷን ነገር ሲሰማ በላስቲክ ትልቅ ሰሌዳ አሳትሞ አስለጠፈ። የእርስዎ ትንሽ ነው፣ ሰው አያየውም ብሎ።»

ጋሽ ብሩሽ ወደ ድልድዩ ሄዱ። የእሳቸው ጣውላ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። በቦታው አልጋ የሚያህል ላስቲክ ተወጥሯል። የጦጣው ፎቶግራፍ አለበት፤ ከፎቶው በታች፣ ቃል በቃል ከጣውላው የተገለበጠ፦ «ሽማግሌው አይነካም»።

አንድ አባት ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እዚያው ቆሟል። ልጅቷ ጦጣውን እያየች ትሽኮረመማለች። «አትፍሪ እንጂ» ይላታል አባትየው ወደ መደገፊያው እየተጠጋ። «ይኸው፣ አይነካም ይላል።»

«ይናከሳል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ብሩሽ። «ሰውዬ፣ ተመለስ! ይናከሳል! ይናከሳል!»

አባትየው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሽማግሌው ጦጣም ጥርሱን አሳይቶ ወደ ዛፉ ዘለለ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ሰው አስደነገጡ እኮ።»

ጋሽ ብሩሽ በእጃቸው ላስቲኩን እያሳዩ ነገሩት። መጀመሪያ ጥበቃው ሳቀ፤ የሱሪውን ቀልድ ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ቆይ… ልጅቷ ያን ቀን እውነቷን ነበር ማለት ነው?»

«እውነቷን ነበር።»

«እኔ ደግሞ እናቷ ፊት ቆሜ…» አለና ኮፍያውን አወለቀ። ላስቲኩን አንድ ላይ ሆነው አወረዱት፤ ለሥራ አስኪያጁ እኔ እነግረዋለሁ አለ ጥበቃው። ጋሽ ብሩሽ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከተላቸው ነበር፤ ሰሌዳውን ማውረድ ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ሊነግሯት የቀረችው ልጃቸው ብቻ ናት፣ እሷም ቤት ናት።

ልጃቸው ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች። ሚጡ መሬት ላይ ተቀምጣ በደህናው እጇ የቀለም ጣሳ ክዳን ታሽከረክራለች። ጋሽ ብሩሽ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሳይቀመጡ፣ ቦርሳውን ሳያወርዱ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ጣውላው እንዳጠረባቸው፣ «ይናከሳል»ን እንደቆረጡት፣ ሚጡ ላላ አድርጋ እንዳነበበችው፣ ጎበዝ እንዳሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ነገር አላሳጠሩም።

ልጃቸው የያዘችውን ሹራብ አላስቀመጠችውም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«እዚያው። ስትጮህ።»

«ሆስፒታል ስሰድባት… ውሸታም ስላት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ወረቀት አስቀምጬ ሳስደግማትስ?»

«ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

ጋሽ ብሩሽ ጩኸት ጠብቀው ነበር፤ ጩኸት ቢመጣ ይቀላቸው ነበር። ልጃቸው ግን ሹራቡን ቀስ ብላ አጠፈችው። «ሰሌዳው ምንም አይደለም» አለች። «ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ላቦራቶሪ ውስጥ ተሳስቼ አውቃለሁ። ግን እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ ስደውል፣ አንተ የምትነግረኝን ነው የማምነው። ሌላ የማምንበት መንገድ የለኝም፣ አባዬ።» ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። «አክስቷ ጋ እደውላለሁ።»

ጋሽ ብሩሽ ቦርሳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ልጃቸው መሬት ላይ ተንበርክካ ሚጡን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ኋላ እናትየው ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

ሚጡ አፍንጫዋን በፋሻው ጠረገችና ወደ አያቷ መጣች።

«አባባ፣ ማንበብ እችል ነበር ማለት ነው?»

«ትችያለሽ። ልክ ነው ያነበብሽው። የተሳሳትኩት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፊቷ በራ። የወለቁት ጥርሶቿ ቦታ እስኪታይ ሳቀች።

«ታዲያ ያን ቀን ለእማዬ ለምን አልነገርካትም? እኔ አይቼህ ነበር እኮ።»

ጋሽ ብሩሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይን ለዓይን እንዲሆኑ።

«ብነግራት ከእኔ ጋር አትኖሪም ትላለች ብዬ ፈርቼ።»

«እና አሁን ነገርካት።»

«አሁን ነገርኳት።»

«ስለዚህ አልኖርም?»

ከውጭ የልጃቸው ድምፅ ይሰማል፤ ለአክስቲቱ ስለ ትምህርት ቤት ስትጠይቃት። ጋሽ ብሩሽ የሚጡን የተፋሸ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አትኖሪም፣ የኔ እናት» አሏት።